ራስ ቅል ሳይከፈት አንጎል እንዴት ይታያል?



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሰውየው በሽታውን ሳይደብቅ፣ በሽታው ራሱ ከሰውየውም ከሐኪሙም ዓይን የተደበቀ እንደ ሆነስ ምን ይደረጋል? የሰው አንጎል በጠንካራ አጥንት ተከቦ የሚኖር ስለ ሆነ፣ እንደ ሆድ በእጅ አይዳሰስም፤ እንደ ልብ በጆሮ አይደመጥም፤ እንደ ጕሮሮም አፍ ተከፍቶ አይታይም። በውስጡ ዕጢ ቢበቅል፣ በተዘጋ ቤት እንደ ገባ ሌባ ለብዙ ጊዜ ተሸሽጎ ሊቀመጥ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት ያሰብኩት፣ ይህ የተሸሸገ ዕጢ ራስ ቅል ሳይከፈት እንዴት እንደሚታይ፣ የሰው ልጅም ወደዚህ ጥበብ በምን መንገድ እንደ ደረሰ ነው። ነገሩን እንድመረምር ያስገደደኝ የአክስቴ ሕመም ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን በአጭሩ እተርካለሁ። ከዚያ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአክስቴ ራስ ምታት

አክስቴ ጥጥ ፈትለው የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። በሰፈራችን ለነጠላና ለጋቢ የሚሆን ቀጭን ፈትል የፈለገ ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው ይመጣል። ከሦስት ዓመት በፊት ጧት ከመኝታቸው ሲነሡ ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። አንዱ ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አመጣ። ሁለተኛው «የሰው ዓይን ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «አቀርቅረው ስለሚውሉ ድካም ነው» አለ። እኔም በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሱቅ የራስ ምታት ክኒን እየገዛሁ አመጣላቸው ነበር። ክኒኑ ለጥቂት ሰዓት ያስታግሣል፤ በማግሥቱ ጧት ሕመሙ ይመለሳል። ቈይቶም ጧት ጧት ያስመልሳቸው ጀመር። ፈትላቸው እየተበጠሰ ቢያስቸግራቸው «የዘንድሮ ጥጥ ከፋ» ይሉ ነበር እንጂ ዓይናቸውን አልጠረጠሩም።

አንድ ቀን ማታ፣ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሲታገሉ ግራ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈን አደረጉና «ልጄ፣ መብራቱ ጠፋ እንዴ?» አሉኝ። መብራቱ ግን አልጠፋም ነበር። «እትዬ፣ መብራቱ እኮ አለ» አልኳቸው። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ቀኝ ዓይናቸው ከጥላ በቀር ምንም እንደማያይ ያወቅነው በዚያች ሌሊት ነው።

ከከተማችን ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለ ነበር እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። በዚያም ራሳቸውን ሲቲ ስካን ተነሡ። ሐኪሙ ሥዕሉን ሲያሳዩን፣ ከቀኝ ዓይናቸው በስተኋላ ሎሚ የሚያህል ክብ ነጭ ነገር አየሁ። «ሕመሙ ከጀመራቸው ስንት ጊዜ ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሁለት ዓመት» አልኩ። ሐኪሙም፣ «ይህ ዓይነቱ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ የሚያድገውም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ በኦፕራሲዮን ሊወጣ ይችላል። የዓይናቸው ነርቭ ግን ብዙ ጊዜ ተጨቍኖ ስለ ቈየ፣ ብርሃኑ ይመለሳል ብዬ ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም» አሉን። እኔ በዚያች ሰዓት በልቤ የቈጠርኩት ክኒን የገዛሁባቸውን ቅዳሜዎች ነበር። ከመቶ አያንሱም።

ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንኛችንም ያላየነውን ነገር ያ መሣሪያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንዴት አየው? ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ፊዚክስ መምህራችን ሄድኩ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከእርሳቸው የተማርኩትና በኋላም በራሴ ያነበብኩት ነው።

በምልክት ብቻ ይፈለግ የነበረበት ዘመን

በመጀመሪያ የአንጎል ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረም። ሐኪሙ ዕጢውን ይፈልግ የነበረው የበሽተኛውን ምልክት አይቶ በማመዛዘን ነው። የቀኙ የአንጎል ክፍል የግራውን እጅና እግር፣ የግራው ክፍል ደግሞ የቀኙን እንደሚያዝ ሊቃውንት ተረድተው ነበር። ስለዚህ ግራ እጁ የሰነፈ በሽተኛ ቢመጣ፣ ጕዳቱ በቀኝ አንጎሉ እንደ ሆነ ይገመታል።

በዚህ መንገድ የተሠራ አንድ ዝነኛ ኦፕራሲዮን አለ። በ1884 በለንደን ከተማ አንድ የ25 ዓመት ገበሬ ለሐኪም ቀረበ። ሕመሙ በግራ ፊቱ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ወደ ግራ እጁ ወርዶ ነበር፤ በመጨረሻም እጁ ሽባ ሆነ። ሂዩስ ቤኔት የተባለው ሐኪም ምልክቶቹን አንድ በአንድ መርምሮ፣ ዕጢው በቀኝ አንጎል በዚህ ቦታ ላይ መሆን አለበት ሲል ወሰነ። ኖቬምበር 25 ቀን ሪክማን ጎድሊ የተባለው የቀዶ ጥገና ሐኪም በተባለው ቦታ ላይ ራስ ቅሉን ከፈተ፤ ዕጢውም ከዚያው ተገኘ። ይህ ለአእምሮ ትልቅ ድል ነበር። በሽተኛው ግን ቍስሉ ስላመረቀዘ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ሞተ። ደግሞም ሁሉም ዕጢ እንዲህ ያለ ግልጽ ምልክት አይሰጥም። ምልክት የማይሰጠውን ዕጢ ማንም ሊያገኘው አይችልም ነበር።

የሮንትገን ጨረርና ጕድለቱ

ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በጀርመን አገር በቩርትስቡርግ ከተማ ቪልሄልም ሮንትገን የተባለ የፊዚክስ መምህር፣ ኤሌክትሪክ ከሚያልፍበት የመስታወት ቱቦ የማይታይ ጨረር ሲወጣ አስተዋለ። ጨረሩ ጥቁር ወረቀት አልፎ ራቅ ብሎ የተቀመጠን ሰሌዳ ያበራ ነበር። ምንነቱን ስላላወቀ «ኤክስ ጨረር» አለው። ዲሴምበር 22 ቀን የባለቤቱን እጅ አጥንት ከነቀለበቷ በፎቶግራፍ አነሣ። በ1901 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበለውም እርሱ ነው። እኛ «ራጅ» የምንለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ትርጓሜው «ጨረሮች» ማለት ነው።

ራጅ የተሰበረ አጥንትና የተዋጠ ሳንቲም ለማግኘት እጅግ ጠቀመ። ለአንጎል ዕጢ ግን ብዙ አልረዳም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንጎልና ዕጢው ጨረሩን የሚያሳልፉት በተቀራራቢ መጠን ስለ ሆነ አንዱ ከሌላው አይለይም። ሁለተኛ፣ ተራ ራጅ ከፊት ያለውንና ከኋላ ያለውን ሁሉ ደራርቦ በአንድ ወረቀት ላይ ያወጣዋል። የአንድ መጽሐፍ ገጾች በሙሉ በአንድ ገጽ ላይ ተደራርበው ቢታተሙ ማን ሊያነባቸው ይችላል? የራስ ቅል ራጅም እንዲሁ ነበር።

አየርና መድኃኒት

ሐኪሞች ዕጢውን በቀጥታ ማየት ቢያቅታቸው፣ በጎረቤቶቹ ላይ ያደረሰውን ግፊት ለማየት ሞከሩ።

በአንጎል ውስጥ ውሃ የሚመስል ፈሳሽ የሞላባቸው ጓዳዎች አሉ። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዋልተር ዳንዲ፣ በ1918 ከእነዚህ ጓዳዎች ጥቂት ፈሳሽ ቀድቶ በምትኩ አየር አስገባ። አየር ጨረሩን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ የጓዳዎቹ ቅርጽ በራጁ ላይ ተለይቶ ወጣ። ጓዳው ወደ ግራ ተገፍቶ ከታየ ዕጢው በቀኝ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ምርመራ ራስ ቅል መበሳት ነበረበት። በማግሥቱ በ1919 ራስ ቅል ሳይበሳ አየሩን በጀርባ አከርካሪ በኩል ማስገባትን አመጣ። ሁለቱም ግን ብርቱ ራስ ምታትና ትውከት ያስከትሉ ነበር፤ ለሕይወት የሚያሰጉበትም ጊዜ ነበር።

በ1927 ደግሞ በፖርቱጋል አገር በሊዝበን ከተማ ኤጋሽ ሞኒሽ የተባለው ሐኪም፣ ጨረር የሚከለክል መድኃኒት ወደ አንገት የደም ሥር አስገብቶ ወዲያው ራጅ አነሣ። የአንጎል ደም ሥሮችም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሆነው ታዩ። ጎርፍ የወረደበት ወንዝ ኰረብታ ሲገጥመው ዞሮ እንደሚሄድ፣ ደም ሥሩም ዕጢ ባለበት ቦታ ጠመም ብሎ ይታያል። ይህ ዘዴ ተሻሽሎ ዛሬም ለደም ሥር በሽታዎች ይሠራበታል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን የታየው የዕጢው ጥላ እንጂ ዕጢው ራሱ አልነበረም።

አራቱ የተደበቁ ቍጥሮች

አሁን ወደ ሲቲ ስካን እንመጣለን። መምህራችን ይህን ሲያስረዱኝ በጥቍር ሰሌዳው ላይ አራት ክፍል ያለው ካሬ ሣሉ፤ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት። «በየክፍሉ አንድ አንድ ቍጥር ደብቄአለሁ» አሉኝ። «የላይኛው ረድፍ ድምር 5 ነው፤ የታችኛው 9 ነው። የግራው ዓምድ ድምር 8፣ የቀኙ 6 ነው። እስቲ ቍጥሮቹን አግኝ።»

እኔ ከላይ 1ና 4፣ ከታች 7ና 2 አልኩ። ድምሮቹ ሁሉ ትክክል መጡ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ደግሞ ከላይ 2ና 3፣ ከታች 6ና 3 አለ። የእርሱም ትክክል ሆነ! ሁለት የተለያየ መልስ እንዴት ትክክል ይሆናል ብለን ተገረምን። በዚህ ጊዜ መምህራችን «አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ከላይ ግራ ጀምሮ እስከ ታች ቀኝ በሰያፍ ያለው ድምር 7 ነው» አሉ። ያን ጊዜ ሁለታችንም ተሳሳትን። መልሱ አንድ ብቻ ሆነ፤ ከላይ 3ና 2፣ ከታች 5ና 4።

የሲቲ ስካን ምሥጢር ይህ ነው። ጨረሩ በራስ ውስጥ ሲያልፍ በመንገዱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይቀንሰዋል። ስለዚህ ወዲያ ማዶ የሚደርሰው ጨረር የመንገዱን «ድምር» ይነግረናል። ከሁለት አቅጣጫ ብቻ የተገኘ ድምር አይበቃም፤ ከብዙ አቅጣጫ በሰያፍ የተገኘ ግን በየቦታው ምን እንዳለ ቍልጭ አድርጎ ያስረዳል። ጓደኞቼ ሆይ፣ «ይህ ሒሳብ ለምን ይጠቅመናል?» እያልን ስናጕረመርም ይህን እናስታውስ።

የዚህን ሒሳብ መንገድ ቀድመው ካገኙት አንዱ የአፍሪካ ልጅ ነው። በደቡብ አፍሪካ የተወለደው አለን ኮርማክ በ1956 በኬፕ ታውን ከተማ በግሩት ስኩር ሆስፒታል የጨረር ክፍሉን በትርፍ ጊዜው ይረዳ ነበር። ለሕክምና የሚሰጠው ጨረር በሰውነት ውስጥ የት ምን ያህል እንደሚቀንስ አለመታወቁ አሳሰበውና ሒሳቡን ሠራ። ጽሑፎቹን በ1963ና በ1964 አሳተመ፤ ነገር ግን ከቍም ነገር የቈጠረው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ጽሑፉ ይላክልን ብለው ከጠየቁት ጥቂቶች አንዱ በስዊዘርላንድ ከተራራ ላይ የሚናደውን በረዶ የሚያጠና ተቋም እንደ ነበረ እርሱ ራሱ ተናግሯል።

መሣሪያውን የሠራው ግን ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። በገበሬ ቤት ያደገ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያልነበረው ሰው ነበር። ይሠራ የነበረውም የሙዚቃ ሸክላ በማሳተም በታወቀው ኢ.ኤም.አይ. በተባለው ኩባንያ ውስጥ ነው። የኮርማክን ሥራ ሳያውቅ በራሱ ሐሳብ ወደዚያው ደረሰ። በመጀመሪያው ሙከራው ጨረሩ ደካማ ስለ ነበረ አንድን ነገር ለማንሣት 9 ቀን ፈጀ፤ ኮምፒዩተሩም ሒሳቡን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደ። ቀጥሎ ከሥጋ ቤት የበሬ አንጎል እያመጣ ይሞክር ነበር።

ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን በዊምብልደን አካባቢ በሚገኘው በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል፣ ጄምስ አምብሮዝ ከተባለው የራጅ ሐኪም ጋር ሆኖ የመጀመሪያዋን በሽተኛ አነሣ። ሴትዮዋ በግንባሯ በኩል ዕጢ ሳይኖራት አይቀርም ተብላ የተጠረጠረች ነበረች። ሥዕሉም በዚያው ቦታ ክብ ጨለማ ነገር አሳየ፤ በኦፕራሲዮን ሲከፈትም እንደ ሥዕሉ ሆኖ ተገኘ። ያ መሣሪያ ለአንድ ሥዕል 28,800 ጊዜ ይለካ ነበር፤ ሥዕሉም ወደ ጎን 80፣ ወደ ታች 80፣ በጠቅላላው 6,400 ክፍሎች ነበሩት። መምህራችን በሰሌዳው ላይ 4 ክፍል ሣሉ፤ እርሱ 6,400 ክፍል ፈታ።

በዚህ ዓይነት አንጎል እንደ ድፎ ዳቦ በስሱ እየተቈረጠ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይታያል። ቢላዋ ግን አልነካውም። ኮርማክና ሃውንስፊልድ በ1979 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

እንዝርትና በገና

አክስቴ ከሲቲ ስካን በኋላ ኤም.አር.አይ. ወደሚባለው መሣሪያ ተላኩ። ምክንያቱም ሲቲ ስካን ዕጢ መኖሩን ቢያሳይም፣ ከነርቩና ከደም ሥሩ ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ አጥርቶ የሚያሳየው ኤም.አር.አይ. ስለ ሆነ ነው። ይህ መሣሪያ ኤክስ ጨረር የለውም። የሚሠራው በብርቱ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ነው።

አሠራሩን ለአክስቴ ያስረዳሁት በራሳቸው እንዝርት ነው። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፤ በውሃ ውስጥ የሃይድሮጅን አቶም አለ። የአቶሙ እምብርት እንደ ትንሽ እንዝርት የሚሽከረከር ይመስል፣ እንደ ትንሽ ማግኔትም ይሆናል። በተራ ጊዜ እንዝርቶቹ ወደ ፈለጉበት ያዘነበሉ ናቸው። ብርቱ ማግኔት ውስጥ ሲገቡ ግን ጥቂት የሚበልጡት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። የራዲዮ ሞገድ ሲላክባቸው ይዘነበላሉ፤ ሞገዱ ሲቆም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ሲመለሱም እነርሱ ራሳቸው ደካማ የራዲዮ ድምፅ ይሰጣሉ። ጤነኛ አንጎልና ዕጢ የሚመለሱበት ፍጥነት ይለያያል። ሬይመንድ ዳማዲያን በ1971 ይህን ልዩነት በአይጥ ዕጢ ላይ አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ድምፁ ከየትኛው ቦታ እንደ መጣ በምን ይታወቃል? መልሱን ያገኘው አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር ነው። ማግኔቱ በአንድ በኩል ጠንከር፣ በሌላው በኩል ላላ እንዲል አደረገ። እንግዲህ በገናን አስቡ። ዐሥሩ አውታሮች የተወጠሩት በተለያየ መጠን ስለ ሆነ፣ ዓይኑን የጨፈነ አድማጭ እንኳ የትኛው አውታር እንደ ተመታ ከድምፁ ያውቃል። በኤም.አር.አይ.ም ጠንካራ ማግኔት ያለበት ቦታ በቀጭን ድምፅ፣ የላላው በወፍራም ድምፅ ስለሚመልስ፣ ኮምፒዩተሩ ቦታውን ከድምፁ ይለያል። ላውተርበር ይህን የጻፈበትን ጽሑፍ የላከለት የሳይንስ መጽሔት አስቀድሞ አልቀበልም ብሎት ነበር፤ በኋላ ግን በ1973 ታተመ። እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ደግሞ ሥራው እንዲፈጥን አደረገ። ሁለቱ በ2003 ኖቤል ተሸለሙ።

ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የሚገኘው ማግኔት 1.5 ቴስላ ኃይል አለው። ይህም ኮምፓስን ከሚያዞረው ከምድራችን ማግኔት በ30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ወደ ክፍሉ ብረት ይዞ መግባት አደገኛ ነው። አክስቴም ቀለበታቸውን፣ ጕትቻቸውንና የአንገት መስቀላቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። ጨርሰው ሲወጡ «ልጄ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ የተኛሁ መሰለኝ» አሉ። መሣሪያው በእርግጥ ይጮኻል እንጂ አያምም።

ለአንዳንድ በሽተኛ በደም ሥር የሚሰጥ ጋዶሊንየም ያለበት መድኃኒት አለ። በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው በ1988 ነው። የጤነኛ አንጎል ደም ሥር ይህን መድኃኒት ወደ ውጭ አያሳልፍም፤ የብዙ ዕጢዎች ደም ሥር ግን ስለሚያሳልፈው ዕጢው በሥዕሉ ላይ ቦግ ብሎ ይበራል። በ1990 ደግሞ ጃፓናዊው ሴይጂ ኦጋዋ፣ ኦክስጅን ያለው ደምና የሌለው ደም በማግኔት ውስጥ እንደሚለያዩ በማሳየቱ፣ ሰው ሲናገር ወይም ጣቱን ሲያንቀሳቅስ የሚሠራውን የአንጎል ክፍል ለይቶ ማየት ተቻለ። በዚህም ምክንያት ቀዳጁ ሐኪም የበሽተኛውን ንግግር እንዳይነካ የት ቢላዋውን ማቆም እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል።

ሥዕሉ ብቻውን የማይናገረው

ይህን ሁሉ ስል መሣሪያው ሁሉን ያውቃል ማለቴ አይደለም። ሥዕሉ ዕጢው የት እንዳለና ምን ያህል እንደ ሆነ ይናገራል፤ ምን ዓይነት እንደ ሆነም ብዙ ፍንጭ ይሰጣል። የመጨረሻው ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከዕጢው ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው የአንጎል ዕጢዎች አመዳደብ መሠረት፣ የአንዳንዱ ዕጢ ስም የሚወሰነው በውስጡ ያለው የዘር ምልክት ጭምር ተመርምሮ ነው።

በዘመናችን ኮምፒዩተሮች ብዙ ሥዕሎችን አይተው የዕጢን ዳር ድንበር ራሳቸው እንዲያሰምሩ ማስተማር ተጀምሯል። ከ2012 ጀምሮ በየዓመቱ ሊቃውንት በዚህ ሥራ የሚፎካከሩበት ውድድር አለ። ነገር ግን ኮምፒዩተር የሚያውቀው የተማረውን ብቻ ነው። በሌላ አገር በጥሩ መሣሪያ በተነሡ ሥዕሎች የተማረ፣ በእኛ አህጉር በተነሡት ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ በ2023 ከሰሐራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች ለተሰበሰቡ ሥዕሎች በውድድሩ ውስጥ የራሳቸው ክፍል ተከፈተ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ሥዕሉ ቢገኝ እንኳ ዕጢውን የሚያወጣ እጅ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌይ ከሚገኘው ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ጥገና ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ነው። መሣሪያዎቹ ግን በአብዛኛው በትላልቅ ከተሞች ስለሚገኙ፣ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው መንገዱም ገንዘቡም ይከብዳል። በ2020 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማግኔቱ 0.064 ቴስላ ብቻ የሆነ፣ በጎማ እየተገፋ እስከ በሽተኛው አልጋ የሚሄድና በተራ የግድግዳ ሶኬት የሚሠራ ኤም.አር.አይ. ፈቅዷል። ሥዕሉ እንደ ትልቁ የጠራ አይደለም። ቢሆንም በሩቅ ላለ ሆስፒታል ተስፋ የሚሰጥ ይመስለኛል።

ለአንባቢዎቼ

አክስቴ ኦፕራሲዮን ሆነው ዕጢው ወጣላቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታይም ከአንጎል ሽፋን የበቀለ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ሆኖ ተገኘ። ራስ ምታቱና ትውከቱ ለቀቃቸው። ቀኝ ዓይናቸው ግን ሐኪሙ እንዳሉት አልተመለሰም። ዛሬም በአንድ ዓይናቸው ይፈትላሉ። በመጀመሪያ ፈትላቸው ጐርበጥ ይል ነበር፤ አሁን ግን ጣታቸው የዓይናቸውን ሥራ ተምሯል።

አንድ ቀን ስለ ክኒኑ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አንተ የታዘዝከውን ገዛህ፤ ልጅ ነበርክ» አሉኝ። እኔ ግን የሳይንስ ክበብ አባል ነበርኩ። የአንጎልን ክፍሎች በቃሌ አጥንቼ ፈተና ላይ ጥሩ ውጤት አግኝቼ ነበር። ያጠናሁት አንጎል በመጽሐፍ ውስጥ ያለውን እንጂ በቤታችን ውስጥ ያለውን አልነበረም።

ስለዚህ ወላጆችንና ጓደኞቼን የምለምነው ይህን ነው። ራስ ምታት ሁሉ ዕጢ አይደለም፤ አብዛኛው ሌላ ቀላል ምክንያት አለውና ማንም በከንቱ አይሸበር። ነገር ግን ጧት ጧት እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር ቢመጣ፣ ዓይን እየደከመ ቢሄድ፣ አንድ ወገን እጅ ወይም እግር ቢሰንፍ፣ ከዚህ በፊት የማይጥለው ጐልማሳ ሰው በድንገት የሚጥል በሽታ ቢይዘው፣ ወይም ጠባዩ ያለ ምክንያት ቢለወጥ፣ ክኒን እየገዙ መቈየት አይገባም። ጠበልም የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ሐኪም ዘንድ መሄዱን ግን አይተው። ለራሳችሁም በቤታችሁ ቀላል ፈተና አለ፤ አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ በሌላው ማየት፣ ቀጥሎም ማለዋወጥ ነው። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ከቤኔት ጀምሮ እስከ ሃውንስፊልድና ላውተርበር ድረስ እነዚያ ሁሉ ሊቃውንት የደከሙት ለአንዲት ጥያቄ ነው፤ እርሷም «የት ነው?» የምትል ናት። ዛሬ መሣሪያው ለዚህች ጥያቄ በጥቂት ደቂቃ ይመልሳል። ነገር ግን ሰው ራሱን ይዞ ወደ መሣሪያው ካልመጣ፣ መሣሪያው ወደ ሰው ቤት መጥቶ «ምን ያምሃል?» ብሎ አይጠይቅም። ያን የመጀመሪያውን ጥያቄ መጠየቅ የእኛ የቤተ ሰቦቹ ፈንታ ነው።